የኑክሌር ሪአክተር ከፍ ዝቅ የሚለውን የኤሌክትሪክ ፍላጎት እንዴት ይከተላል? የፈረንሳይ አሠራር

ተርባይን_ማለዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። «የኑክሌር ጣቢያ ሌት ተቀን በአንድ ኃይል ብቻ ነው የሚሠራው» የሚል ነገር በየቦታው ይነበባል። ፈረንሳይ ግን ከኤሌክትሪኳ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የምታገኘው ከኑክሌር ነው። የእሁድ ቀትርና የብርዱ ወራት ማክሰኞ ምሽት ፍላጎት እኩል ሊሆን ስለማይችል፣ ከሪአክተሮቹ አንዳንዶቹ ዝቅ ማለት አለባቸው።

በውሃ ማመንጫ የተርባይኑን መግቢያ በሮች ማጥበብ ነው፤ ኃይሉ ወዲያው ይወርዳል። በሪአክተርስ? የሎድ ዲስፓች (የመረቡን ፍላጎትና አቅርቦት የሚያመጣጥነው ማዕከል) ትዕዛዝ ሲመጣ ኒውትሮን የሚመጠውን የመቆጣጠሪያ ዘንግ ዝቅ አድርጎ መጨረስ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ዜኖን የሚባለው ችግርስ በቁጥር ሲታይ ምን ያህል ነው? «ከባድ ነው» የሚል መልስ ሳይሆን ለምን ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ ብታገኙልኝ ደስ ይለኛል። እኛ አገር የኑክሌር ጣቢያ ይሠራል ከተባለ ወዲህ ጥያቄው የሩቅ አይመስለኝም።

---

ኒውትሮን_ጠባቂ

የፈረንሳይ 57ቱም ሪአክተሮች ባለ ግፊት ውሃ (ውሃው በግፊት ተይዞ ሳይፈላ የሚዞርባቸው) ናቸው። በእነዚህ ሪአክተሮች ተርባይኑ ይመራል፣ ሪአክተሩ ይከተላል። የተርባይኑ የእንፋሎት ቫልቭ ሲጠብ በእንፋሎት ማመንጫው ውስጥ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ወደ ሪአክተሩ የሚመለሰው ውሃም ከቀድሞው ሞቅ ብሎ ይመለሳል። የሞቀ ውሃ ሳሳ ያለ ስለሆነ ኒውትሮኖችን የማዘግየት አቅሙ ይቀንሳል፤ ዩራኒየምን በደንብ የሚሰነጥቀው የዘገየ ኒውትሮን ስለሆነ የዩራኒየሙ መሰንጠቅም አብሮ ይቀንሳል። ማንም ዘንግ ሳይነካ ኃይሉ ወደ ተርባይኑ ልክ ይጠጋል። የሚቀረው ችግር የውሃው አማካይ ሙቀት ለዚያ ኃይል ከተወሰነለት መስመር መውጣቱ ነው። ዘንጎቹ የሚገቡት ይህን ለማረም ነው።

ትዕዛዙ በሦስት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው ፍሪኩዌንሲው ራሱ ነው። 50 ኸርዝ ትንሽ ሲያጋድል የተርባይኑ ገቨርነር (ፍጥነት ተቆጣጣሪው) ዲስፓችን ሳይጠብቅ በሰከንዶች ውስጥ ይመልሳል፤ ለዚህ የሚያዘው ህዳግ ከሙሉ ኃይል ሲደመርና ሲቀነስ 2 በመቶ ያህል ነው። ሁለተኛው የመረቡ አስተዳዳሪ አርቲኢ የሚልከው፣ ከ−1 እስከ +1 የሚሄድ ምልክት ነው፤ ሪአክተሩ በዚያ መሠረት በ5 በመቶ ክልል ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ሦስተኛው በዋዜማው የሚወጣው የቀን ፕሮግራም ነው። «ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ወደ 50 በመቶ ውረድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተመለስ» የሚለው ይህ ነው። እዚህ ላይ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ባለሙያ የሚደረስበትን ሜጋ ዋትና በደቂቃ የሚጓዝበትን ፍጥነት ራሱ ያስገባል። ዲስፓች ዘንግ አያንቀሳቅስም።

አሁን ወደ ዘንጎቹ። አንድ የነዳጅ እስር 17 በ17 ቦታ አለው፤ 264ቱ ነዳጅ፣ 24ቱ ለዘንግ የተተዉ ቱቦዎች፣ አንዱ ለመለኪያ ነው። በ900 ሜጋ ዋቶቹ ሪአክተሮች «ጥቁር» የሚባለው የዘንግ ስብስብ 24ቱም ጣቶቹ (በቱቦዎቹ የሚገቡት ቀጫጭን ዘንጎች) ከብር፣ ኢንዲየምና ካድሚየም ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፤ ኒውትሮንን በኃይል ይመጣሉ። እሱን ብቻ ከላይ ወደ እምብርቱ (ነዳጁ ወዳለበት የሪአክተሩ መሃል) ብታስገባ የላይኛው ግማሽ ይጨልማል፤ ያው ጠቅላላ ኃይል ወደ ታች ይሰበሰብና የታችኛው ነዳጅ ይግላል። ፈረንሳዮች ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ግራጫ» ዘንግ ያስገቡት ለዚህ ነው። ከ24ቱ ጣቶች 8ቱ ብቻ ያ ቅይጥ ናቸው፣ 16ቱ ማይዝግ ብረት። ትንሽ ስለሚመጥ በጥልቀት ቢገባም የኃይሉን ቅርጽ ብዙ አያበላሽም። ሁለት የግራጫ ቡድኖች ቀድመው ይገባሉ፤ ከእነሱ በኋላ ሁለት የጥቁር ቡድኖች አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ይከተላሉ። የገቡበት ጥልቀት ከተርባይኑ ኃይል ጋር የታሰረ ነው። ለብቻው ያለ ሌላ የጥቁር ቡድን ደግሞ በእምብርቱ ላይኛው ክፍል በጠባብ ክልል እየተንቀሳቀሰ ሙቀቱን ያስተካክላል።

የፈረንሳይ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ኢዲኤፍ በዚህ አሠራር ከ100 ወደ 20 በመቶ በግማሽ ሰዓት፣ በቀን ሁለት ጊዜ መውረድ እንደሚቻል ይገልጻል። ለ900 ሜጋ ዋት ሪአክተር በ30 ደቂቃ 720 ሜጋ ዋት ማለት ነው። ስለዚህ «ኑክሌር አይንቀሳቀስም» የሚለው ስህተት ነው። ከባዱ ነገር ከወረድክ በኋላ ባሉት ሰዓታት ይመጣል።

---

ቦሮን_በፒፒኤም

ኒውትሮን_ጠባቂ ካቆመበት ልቀጥል፤ የዜኖኑ ቁጥር እኔ ጋ ነው።

ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከውጤቶቹ አንዱ አዮዲን-135 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚበሰብስበት ጊዜ) 6.6 ሰዓት። እሱ ሲበሰብስ ዜኖን-135 ይሆናል፤ ግማሽ ዕድሜው 9.1 ሰዓት። ዜኖን-135 ኒውትሮንን በመዋጥ የሚወዳደረው የለም ማለት ይቻላል። ሪአክተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ የሚፈጠረውና ኒውትሮን እየዋጠ የሚጠፋው ሚዛን ይይዛሉ፤ ይህ ሚዛን ከ2500 እስከ 3000 ፒሲኤም ሪአክቲቪቲ ይወስዳል (ሪአክቲቪቲ የመሰንጠቅ ሰንሰለቱ ወደ መጨመር ወይም ወደ መቀነስ የሚያዘነብልበት ልክ ነው፤ አንድ ፒሲኤም መቶ ሺህኛ ነው)።

አሁን በድንገት ወደ 50 በመቶ ውረድ። ዜኖኑን የሚያቃጥለው የኒውትሮን ጎርፍ ወዲያው በግማሽ ይቀንሳል፤ ከኋላ የተጠራቀመው አዮዲን ግን በቀድሞው መጠን ዜኖን እየወለደ ይቆያል። ዜኖኑ ለ5 ወይም 6 ሰዓት ያህል ይጨምራል፤ ጫፉ ላይ ከመነሻው ሩብ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ጭማሪ ይኖረዋል። ከ600 እስከ 800 ፒሲኤም በለው። ከዚያ መውረድ ይጀምራል። በሚያስቸግር ሁኔታ ጫፉ የሚደርሰው ልክ ጠዋት ፍላጎት መነሳት ሲጀምር ነው። ኃይሉን መልሰህ ስትጨምር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዜኖኑ በፍጥነት ይቃጠልና ለሰዓታት ከሚዛኑ በታች ይወርዳል፤ አሁን የምትታገለው ከተትረፈረፈ ሪአክቲቪቲ ጋር ነው።

ግራጫ ዘንጎቹ ከኃይሉ ጋር ስለታሰሩ ይህን ዝግ ያለ ለውጥ የሚሸከመው በውሃው ውስጥ የሟሟው ቦሪክ አሲድ ነው፤ በውስጡ ያለው ቦሮን ኒውትሮን ይመጣል። ዜኖን ሲጨምር ንጹሕ ውሃ ጨምረህ ቦሮኑን ታቀጥናለህ፤ ሲቀንስ ቦሪክ አሲድ ትጨምራለህ። ሁለቱ ግን እኩል ቀላል አይደሉም። ወጥ ላይ ጨው መጨመር የአንድ ቁንጥር ሥራ ነው፤ የበዛውን ማቅለል ግን ድስት ሙሉ ውሃ ይጠይቃል።

በቁጥር እንየው። 200 ቶን ውሃ ያለው ዋና ወረዳ (በእምብርቱ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ የሚዞርበት መስመር) እንውሰድ፤ አንድ ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) ቦሮን ወደ 8 ፒሲኤም ያህል ዋጋ አለው እንበል። ለ700 ፒሲኤም ወደ 90 ፒፒኤም ማቅጠን ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃ የወረዳው ክብደት ሲባዛ በሁለቱ ክምችቶች ውድር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ነው።

አዲስ ነዳጅ ገብቶ ቦሮኑ 1000 ፒፒኤም ሲሆን ከ1000 ወደ 910 ለመውረድ 19 ቶን ውሃ ይበቃል።

በነዳጅ ዙሩ (ከአንድ ነዳጅ ቅየራ እስከ ሌላው ባለው ጊዜ) አጋማሽ ከ300 ወደ 210 ሲሆን 71 ቶን ይሆናል።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከ100 ወደ 10 ለመውረድ 460 ቶን ያስፈልጋል።

ውሃው የሚገባውና የሚወጣው በኬሚካልና መጠን መቆጣጠሪያው መስመር ነው፤ የዚህ መስመር ፍሰት በሰዓት ከ14 እስከ 27 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በ27 ቢሄድ የመጀመሪያው 42 ደቂቃ፣ ሁለተኛው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ፣ ሦስተኛው 17 ሰዓት ይወስዳል። ዜኖኑ ግን በ6 ሰዓት ውስጥ ጫፍ ይደርሳል። ሦስተኛው በተግባር አይቻልም ማለት ነው፤ ሪአክተሩ በዚያ ጊዜ ከወረደ መመለስ ሲፈለግ አይመለስም። በአንጻሩ 90 ፒፒኤም ለመጨመር 7000 ፒፒኤም የሆነ ቦሪክ አሲድ 2.6 ቶን ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ «ይህ ሪአክተር ፍላጎት መከተል ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀን ሳይጠቀስ መልስ የለውም። በዙሩ ስንተኛ ወር ላይ ነው? ቦሮኑ ስንት ነው? ፈረንሳይ የተሳካላት ሪአክተሮቿ ብዙ ስለሆኑና የነዳጅ ዙራቸው በተለያየ ጊዜ ስለሚያልቅ ነው። ነዳጁ አዲስ የሆነው ይወርዳል፤ ዙሩ ሊያልቅ የደረሰው በሙሉ ኃይል ይቆያል።

የወጣው ውሃም የትም አይፈስም። ሬዲዮአክቲቭ ስለሆነ ወደ ማጠራቀሚያ ታንኮች ይሄዳል፤ ጋዙ ተለይቶ በኢቫፖሬተር ይተናል፤ ወደ ንጹሕ ውሃና ወደ ቦሪክ አሲድ ተለይቶ እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል። ታንኮቹ ከሞሉ ወይም ኢቫፖሬተሩ ጥገና ላይ ከሆነ ቦሮኑ ቢበቃ እንኳ ማቅጠን የለም። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከመውረድ በፊት የታንኮቹን ባዶ ቦታ ማየት የዘንጎቹን አቀማመጥ ከማየት እኩል ነው።

---

ተርባይን_ማለዳ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ፤ የ460 ቶኑ ስሌት ብቻውን ብዙ መለሰልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ነዳጁ ራሱ በዚህ ከፍ ዝቅ ማለት አይጎዳም? ሌላው ደግሞ ሪአክተሩን ከመንካት እንፋሎቱን ወደ ኮንደንሰር (አቀዝቅዞ ውሃ ወደሚያደርገው ክፍል) መልቀቅ አይቀልም? የቼርኖቢል አደጋም ከዚሁ ጋር ይያያዛል ሲባል ሰምቻለሁ።

---

ዚርኮኒየም

ስለ ነዳጁ። የዩራኒየም ኦክሳይዱ እንክብል ከዚርኮኒየም ቅይጥ በተሠራ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ተደርድሯል። አዲስ ሲሆን በሁለቱ መካከል ክፍተት አለ። በሥራ ላይ እንክብሉ ያብጣል፤ ቱቦው ደግሞ በውጭው የ155 ባር ግፊት ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ከጊዜ በኋላ ይነካካሉ። ይህ በራሱ ችግር የለውም።

ችግሩ ዝቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ መቆየት ነው። በዝቅተኛ ኃይል እንክብሉ ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ ቱቦው በቀናት ውስጥ ተከትሎት ይሸሽና ወደ ትንሹ ልክ ይጠጋል። ከዚያ በፍጥነት ወደ ሙሉ ኃይል ከተመለስክ እንክብሉ ይሰፋና ቱቦውን ከውስጥ ይወጥረዋል። በዚያ ላይ ከነዳጁ የሚወጣው አዮዲን ውጥረት ያለበትን ዚርኮኒየም ስለሚያጠቃ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል። ለዚህ ነው በመካከለኛ ኃይል ተከታታይ ቆይታ በደንብ የሚገደበው፤ በየዙሩ ተቆጥሮ የሚያዝ የቀናት ህዳግ አለ። ሌሊት ወርዶ ጠዋት መመለስ ያን ያህል አይጎዳም፤ ቱቦው ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። ሳምንቱን ሙሉ 60 በመቶ ላይ ቆይቶ ሰኞ ጠዋት መንደርደር ግን አደገኛ ነው። ነዳጅ ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው ወደ ሙሉ ኃይል መውጣትም በዚሁ ምክንያት በሰዓት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ይፈቀዳል፤ በተለመደው የሥራ ጊዜ በደቂቃ እስከ 5 በመቶ መሄድ ይቻላል።

የሚያልቅ ሌላም ነገር አለ። የዘንጎቹ ማንቀሳቀሻ በማግኔት መንጠቆ ደረጃ በደረጃ ይራመዳል፤ አንዱ እርምጃ 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እርምጃዎቹ ይቆጠራሉ፤ መንጠቆውም የዘንጉ ጣቶችም ይለበሳሉ። ቀዝቃዛ ውሃ በሙቅ ቱቦ ላይ በገባ ቁጥር የቱቦው አፍ የሙቀት ድካም ይቆጠርበታል። ይህ ሁሉ ጣቢያው ሲነደፍ ከተሰጠው የዑደት ብዛት ላይ እየተቀነሰ ይመዘገባል።

መለኪያውም ይዛባል። ከሪአክተሩ ውጭ ያሉት የኒውትሮን መለኪያዎች የሚያዩት የእምብርቱን ዳር ነው። ዘንጎች በጥልቀት ሲገቡ ዳሩና መሃሉ ያላቸው ውድር ይለወጣል፤ የሚነበበው ኃይል ከእውነተኛው ሊለይ ይችላል። በእንፋሎት ማመንጫው የሙቀት ሒሳብ በየጊዜው ካልታረመ ኦፕሬተሩ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ቆሞ ይወስናል።

አንድ ነገር ደግሞ ከላይ ለተባለው ማሟያ። ጠቅላላው ዜኖን ቢስተካከል እንኳ ላይና ታች ሊወዛወዝ ይችላል። የላይኛው ክፍል ኃይል ሲያጣ እዚያ ዜኖን ይከማቻል፤ ታች ይቃጠላል፤ ከሰዓታት በኋላ ይገለበጣል። አንድ ዙር ሙሉ ቀን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ኦፕሬተሩ የላይኛውና የታችኛው ኃይል ልዩነት ከታለመለት መስመር 5 በመቶ ያህል እንዳይርቅ የሚከታተለው ለዚህ ነው። ልምድ የሚለየውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ውዝዋዜው ከጀመረ በኋላ ዘንጉን በትክክለኛው ሰዓት ካንቀሳቀስከው ይሞታል፤ ዘግይተህ ካንቀሳቀስከው ይባስ ይጨምራል።

---

ዋልያ_ግሪድ

እንፋሎት ስለ መልቀቁ፦ ካናዳ በትክክል ይህን ታደርጋለች። ኦንታሪዮ ውስጥ ያለው ብሩስ ጣቢያ ካንዱ የሚባሉ ስምንት የካናዳ ንድፍ ሪአክተሮች አሉት፤ እያንዳንዱ እስከ 300 ሜጋ ዋት የሚሆን እንፋሎት ተርባይኑን አልፎ ወደ ኮንደንሰር እንዲሄድ ያደርጋል፤ ሪአክተሩ ኃይሉን አይቀንስም። ካንዱ ያልበለጸገ ዩራኒየም ስለሚጠቀም ትርፍ ሪአክቲቪቲው ትንሽ ነው፤ ብዙ ቢወርድ ዜኖኑ ያሸንፈዋል። ዋጋው ነዳጁ በከንቱ መቃጠሉና ኮንደንሰሩ ለዚህ ጭነት ተነድፎ መገኘት ያለበት መሆኑ ነው።

ቼርኖቢልን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያ ሪአክተር ፍጹም ሌላ ዓይነት ነው፤ ውሃው ሲተንና ሲሳሳ ኃይሉ የሚጨምርበት። የዲስፓች ድርሻው ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1986 ለአንድ ሙከራ ኃይሉ ወደ ግማሽ ከወረደ በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የኪየቭ ዲስፓች ኤሌክትሪኩን ስለፈለገው መውረዱ ቆመ፤ የቀጠለው ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ 6:28 ላይ ኃይሉ ሳይታሰብ ወደ 30 ሜጋ ዋት የሙቀት ኃይል ወደቀ። ዜኖን እየተጠራቀመ ሳለ 200 ላይ ለማቆየት አብዛኞቹ ዘንጎች ወጡ። ሪአክተሩ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው ሙከራው የተጀመረው። ትምህርቱ ለሁሉም ሪአክተር ይሠራል፤ ዲስፓች ፕሮግራሙን ሲቀይር የዜኖኑ ትንበያ እንደ አዲስ መሰላት አለበት፤ ካልተመቸ ኦፕሬተሩ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

አሁን ወደ አገራችን። ኢትዮጵያና የሩሲያ መንግሥት የኑክሌር ድርጅት ሮሳቶም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሞስኮ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል፤ ስለዚህ የጠያቂው ነገር እውነትም የሩቅ አይደለም። ከፈረንሳይ ይልቅ የሚቀርበን ምሳሌ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያለው ኮሎምቢያ ጣቢያ ነው። በውሃ ማመንጫዎች የተሞላ መረብ ላይ ያለ ብቸኛ ሪአክተር ነው። በጸደይ በረዶ ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ግድቦቹ ውሃውን ማመንጨት ወይም ማፍሰስ አለባቸው፤ ያኔ ሪአክተሩ እንዲቀንስ ይጠየቃል። የፈላ ውሃ ሪአክተር (ውሃው በእምብርቱ ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት) ስለሆነ በፓምፕ ፍሰት ብቻ ወደ 85 በመቶ ይወርዳል፤ ለዚህ 12 ሰዓት አስቀድሞ ይነገረዋል። ወደ 65 በመቶ ለመውረድ ዘንግ ስለሚያስፈልግ 48 ሰዓት ይሰጠዋል።

በእኛ መረብ የሰዓት በሰዓቱን ለውጥ ውሃው መከተል አለበት የሚል እምነት አለኝ። የሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት በ13 ተርባይኖች ተከፋፍሏል፤ 11ዱ 400፣ ሁለቱ 375። አንዱን አቁሞ ሌላውን መጫን በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ውሃውም በሐይቁ ውስጥ ይቆያል እንጂ አይጠፋም። ብቸኛ ሪአክተር ግን የነዳጅ ዙሩ ሲያልቅ የሚተካው ጎረቤት የለውም። የሚጠየቀው ቅነሳ ካለ በክረምት፣ ሐይቆቹ ሞልተው ውሃ ሊፈስ ሲል፣ ለሳምንታት በታቀደ መልኩ ቢሆን ይሻላል፤ ነዳጅ መቀየሪያውንም እዚያው ወቅት ላይ ማሳረፍ ይቻላል።

---

ተርባይን_ማለዳ (ጠያቂ)

ስለዚህ ለእኛ ፍላጎት መከተል ዋናው ጉዳይ አይደለም ማለት ነው?

---

ዋልያ_ግሪድ

ዋናው አይደለም። ከእሱ የሚቀድመው የሪአክተሩ መጠን ነው። የተለመደው መመዘኛ አንድ ማመንጫ ከመረቡ አቅም 10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ 1000 ሜጋ ዋት ሪአክተር 10,000 ሜጋ ዋት የሆነ መረብ ይፈልጋል። የአህጉራዊ አውሮፓ መረብ በአንድ ጊዜ 3000 ሜጋ ዋት ቢጠፋበት ፍሪኩዌንሲውን ለመያዝ ሁልጊዜ ህዳግ ይዞ ይቆያል። አነስተኛ መረብ ላይ ትልቅ ሪአክተር በድንገት ቢወጣ ፍሪኩዌንሲው ይወድቃል፤ ከተሞች በሪሌይ (በራሱ በሚሠራ መቁረጫ) ይቆረጣሉ። ሪአክተሩም ከመረብ ውጭ ሆኖ ቀሪ ሙቀቱን ለማቀዝቀዝ በዲዝል ጄነሬተር ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ መስመሩ ሲቆረጥ ሪአክተሩ ሳይዘጋ የራሱን ፓምፖች ብቻ እየመገበ መቆየት ይችላል ወይ የሚለው ነው። የፈረንሳይ ሪአክተሮች ይህ በየጊዜው ይፈተሽባቸዋል። ለአቅራቢው የሚቀርበው የቴክኒክ ዝርዝር ውስጥ በደቂቃ ስንት በመቶ እንደሚወርድ ከመጻፉ በፊት እነዚህ ሁለቱ መጻፍ አለባቸው።

---

ቦሮን_በፒፒኤም

ዝርዝሩ ውስጥ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ ቦሮኑ ስንት ፒፒኤም እስኪደርስ ድረስ ነው አቅራቢው የሚለው የመውረድና የመመለስ ፍጥነት ዋስትና የሚኖረው? በዙሩ መጀመሪያ የተለካ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰነድ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። የኢቫፖሬተሩን በሰዓት የማጣራት አቅምና የታንኮቹን መጠንም አብራችሁ ጠይቁ፤ ጣቢያው ከተሠራ በኋላ እነሱን ማስፋት ከሁሉም ይከብዳል።